ዓባይ በረሃ ላይ ነዳጅ አይጨመርም፦ ሰውነት ራሱን ሲያጠቃ ስለሚላላው ፍሬን

መስከረም 26 ቀን 2018 ዓ.ም. የዓመቱ የኖቤል የሕክምና ሽልማት አሸናፊዎች ታወቁ። ሁለቱ አሜሪካውያን ናቸው፤ ሜሪ ብሩንኮውና ፍሬድ ራምስዴል። ሦስተኛው ጃፓናዊው ሺሞን ሳካጉቺ ናቸው። 11 ሚሊዮን የስዊድን ክሮነር ለሦስት ይካፈላሉ። ራምስዴል ዜናውን የሰሙት ከሌላው ዓለም ዘግይተው ነው። ከባለቤታቸው ጋር ተራራ ለተራራ ሲጓዙ ስልካቸው ከኔትወርክ ውጭ ነበር። ከኔትወርክ ውጭ ሆኖ ትልቅ ዜና ማሳለፍ የጎጃም ገጠር ችግር ብቻ አይደለም ማለት ነው።

የተሸለሙበት ሥራ የሰውነትን በሽታ መከላከያ ይመለከታል። ነገሩ የሚምታታውም እዚህ ላይ ነው። ከኮሮና ወዲህ "ኢሚዩኒቲ" የሚለው ቃል ከባሕር ዳር እስከ ደብረ ማርቆስ በየቤቱ ገብቷል። ቃሉን የሰማ ሰው "የሚጨምር" የሚለውን ከራሱ ያክልበታል። ማሩ፣ ፌጦው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዛው ቪታሚን ሁሉ "ኢሚዩኒቲ ይጨምራል" ይባልለታል። ስለዚህ ኖቤሉም መከላከያን ለሚያጠናክር ግኝት የተሰጠ ይመስላል። ሦስቱ የተሸለሙት ግን መከላከያው ከልኩ እንዳያልፍ የሚይዘውን ሕዋስ በማግኘታቸው ነው።

ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ አይሱዙ አስቡ። ሙሉ ጭነት ይዟል። ቁልቁለቱ ረጅም ነው፣ መንገዱ ይጠማዘዛል። እዚያ ሹፌሩ ስለ ሞተሩ ጉልበት አይጨነቅም። ጭንቀቱ ፍሬኑ ነው። ሰውነት ራሱን በሚያጠቃባቸው በሽታዎች፣ በሉፐስ፣ በለምጽ፣ በአንዳንዱ ቁርጥማትና በአንዳንዱ የስኳር በሽታም እንዲሁ ነው። ሞተሩ ደህና ነው፤ እንዲያውም ከልክ በላይ ይሠራል። የላላው ፍሬኑ ነው። የዚህ ፍሬን ስም ሪጉላቶሪ ቲ ሴል ይባላል። በአማርኛ "ተቆጣጣሪ ቲ ሴል" ልንለው እንችላለን። ባለሙያዎች ሲያሳጥሩት "ቲሬግ" ይሉታል።

ጠባቂው ባለቤቱን ሲነክስ

የሰውነት መከላከያ በአንድ ቦታ የተቀመጠ ብልት አይደለም። በደም፣ በንፍፊት፣ በጣፊያ፣ በአንጀት ግድግዳ ላይ የተበተነ ሠራዊት ነው። ከሠራዊቱ አንዱ ክፍል ቲ ሴል ነው፤ የነጭ የደም ሕዋስ ዓይነት። ቲ ሴል ቫይረስ የገባበትን ሕዋስ ይገድላል፣ ሌሎቹን የመከላከያ ሕዋሳት ያዛል። አንዳንዴ ግን ይስታል። የገዛ ሰውነቱን እንደ ባዕድ ቆጥሮ ይነሣበታል። በሽታው ያኔ ኦቶኢሚዩን ይባላል፤ ራስን በራስ ማጥቃት እንደማለት ነው።

ስሙ እንደሚመታው ቦታ ይለያያል። የጣት መጋጠሚያዎችን ሲመታ ሩማቶይድ አርትራይተስ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣት አልታጠፍ ይላል። ሊጥ ማቡካት፣ ጥጥ መፍተል ፈተና ይሆናል። አገሩ ሁሉንም "ቁርጥማት" ብሎ ያልፈዋል፤ ቃሉ ግን ከእርጅና የሚመጣውንም፣ "ከብርድ ነው" የሚባለውንም አብሮ ይጠቀልላል። ቆሽት ውስጥ ኢንሱሊን የሚያመርቱትን ሕዋሳት ሲጨርስ ዓይነት 1 ስኳር ይሆናል። አንገት ላይ ያለውን የታይሮይድ እጢ ሲነካ ወይ ያደክመዋል፣ ወይ ከልክ በላይ ያሠራዋል። ሉፐስ ደግሞ አይመርጥም፤ ቆዳውንም ኩላሊቱንም መጋጠሚያውንም ይይዛል። ከ10 ታማሚዎች 9ኙ ገደማ ሴቶች ናቸው።

ለምጽ ለብቻው መነሣት አለበት። የቆዳን ቀለም የሚሠሩ ሕዋሳት በቲ ሴል ሲገደሉ ቦታው ነጭ ሆኖ ይቀራል። በሽታው ይኸው ነው። ግን በመጽሐፍ ቅዱስ ያለው "ለምጽ" የሚለው ቃል በሰው አእምሮ ከሥጋ ደዌ ጋር ስለተዛመደ ታማሚው በማያውቀው ይገለላል። ሥጋ ደዌ በባክቴሪያ የሚመጣ፣ በመድኃኒት የሚድን ሌላ በሽታ ነው። ለምጽ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በመጨባበጥም፣ ከአንድ መሶብ በመብላትም።

ከፍርምባ ጀርባ ያለው ፈተና

እያንዳንዱ ቲ ሴል ገጹ ላይ አንድ መለያ ቁልፍ ይዞ ነው የሚሠራው። የቁልፉ ጥርስ በዘፈቀደ ይቀረፃል። ጥቅሙ ይገባል፦ እስከ ዛሬ ታይቶ የማይታወቅ ቫይረስ ቢመጣ እንኳ የሚገጥመው ቁልፍ አይጠፋም። ጉዳቱም ይገባል። ከቁልፎቹ አንዳንዶቹ የራሳችንን በር ይከፍታሉ።

ስለዚህ ከፍርምባ አጥንት ጀርባ የተቀመጠ ታይመስ የሚባል እጢ ፈተና ይሰጣቸዋል። ቲ ሴል የምትለዋ "ቲ" የመጣችውም ከእሱ ነው። የራስን አካል አጥብቆ የሚይዝ ሴል እዚያው ይሞታል። አብዛኞቹ ከታይመስ በሕይወት አይወጡም። ፈተናው ጥብቅ ነው፤ ቢሆንም ከወንፊት የሚያመልጥ እብቅ አይጠፋም። በጤነኛ ሰው ደም ውስጥም ቆሽትን ወይም ታይሮይድን ማጥቃት የሚችሉ ቲ ሴሎች ይዞራሉ። ታዲያ ሁላችንም ለምን አልታመምንም? ኖቤሉ የተሰጠው ለዚህ ጥያቄ መልስ ነው።

ሦስተኛው ቀን

መልሱ የተጀመረው ግራ በሚያጋባ ሙከራ ነው። ጃፓን ውስጥ ተመራማሪዎች በተወለዱ በ3ኛ ቀናቸው ከአይጥ ግልገሎች ታይመስን አወጡ። ታይመስ የሌለው መከላከያ ይደክማል ተብሎ ቢጠበቅ ያስኬዳል። የሆነው ሌላ ነው። መከላከያው ተነሥቶ የገዛ አካላቸውን አወደመ፤ የሴቶቹን የእንቁላል ማፍሪያ፣ ታይሮይዱን፣ ጨጓራውን።

ሳካጉቺ ይህን ነገር ይዘው ገቡ። በዘር ከምትመሳሰል ጤነኛ አይጥ ቲ ሴል ወስደው ታይመስ ለሌላት ሰጡ። በሽታው ቀረ። ከቲ ሴሎች መካከል የሚያጠቁም የሚያበርዱም አሉ ማለት ነው። የሚያበርዱት ከታይመስ የሚወጡት ዘግየት ብለው ነው። በ3ኛው ቀን በሩ ሲዘጋ ጎረምሶቹ ቀድመው ወጥተዋል፤ ሽማግሌዎቹ ውስጥ ቀርተዋል።

ሐሳቡ ግን ሰሚ አጣ። ምክንያት ነበረው። በ1970ዎቹ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) "ሰፕረሰር ቲ ሴል" የሚባል ተመሳሳይ ሐሳብ ገንኖ ብዙ ተጽፎበት ነበር። በ1980ዎቹ መሠረቱ ነው የተባለው ጂን በተባለበት ቦታ ታጣ። ዘርፉ አፈረ። ከዚያ በኋላ ስለ አብራጅ ሴል የሚያወራ ተመራማሪ እንደ ከሰረ ነጋዴ ይታይ ነበር። ሳካጉቺ ከ10 ዓመት በላይ ቀጠሉ። በ1995 ሴሎቹን ከሌሎቹ የሚለየውን ምልክት ይዘው መጡ። ሲዲ25 ይባላል፤ በሴሉ ገጽ ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። ይህ ምልክት ያለባቸውን ለቅሞ አውጥቶ የቀሩትን ቲ ሴሎች ቲ ሴል ለሌላት አይጥ መስጠት በሽታ ያስነሣል። የተለቀሙት ሲጨመሩ ይበርዳል።

ሃያኛው ጂን

የሁለቱ አሜሪካውያን መንገድ የሚነሣው ከአይጥ ቆዳ ነው። በ1940ዎቹ ቴነሲ ግዛት፣ ኦክ ሪጅ በሚባል ቦታ የጨረር ጉዳት ይጠና ነበር፤ ከአቶሚክ ቦምቡ ሥራ ጋር የተያያዘ ጥናት ነው። እዚያ ከሚረቡት አይጦች አንዳንድ ወንዶች ቆዳቸው እየተቀረፈፈ፣ ጣፊያቸውና ንፍፊታቸው እያበጠ ታዩ። ዕድሜያቸው ጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። "ስከርፊ" ተባሉ፤ ቅርፍርፍ እንደማለት። ሴቶቹ አይታመሙም። ስለዚህ ጥፋቱ ኤክስ ክሮሞዞም ላይ መሆን አለበት። ሴት ሁለት ኤክስ ስላላት አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይሸፍናል። ወንዱ መተኪያ የለውም።

በ1990ዎቹ ብሩንኮውና ራምስዴል በአንድ የመድኃኒት ምርምር ኩባንያ ውስጥ ሆነው ጥፋተኛውን ጂን ሊፈልጉ ተነሡ። ዛሬ ብዙ የማይፈጅ ሥራ ነው። ያኔ ከጤፍ ክምር አንዲት እንክርዳድ እንደ መልቀም ነበር። የአይጥ ኤክስ ክሮሞዞም 170 ሚሊዮን ገደማ የዘረመል ፊደል አለው። ቦታውን እያጠበቡ ወደ 500 ሺህ ፊደል አወረዱት። እዚያ ውስጥ 20 ጂኖች ተገኙ። አንድ በአንድ መረመሩ። 19ኙ ደህና ነበሩ። ጥፋቱ የተገኘው በመጨረሻው ላይ ነው። ፎክስፒ3 ተባለ።

ከዚያ ወደ ሰው ዞሩ። አይፔክስ የሚባል ብርቅ በሽታ አለ። የሚይዘው ወንዶች ልጆችን ነው። ሕፃኑ ገና ጡት ሳይጥል የማይቆም ተቅማጥ፣ ስኳር፣ የቆዳ መቆጣት ይደራረብበታል። የእነዚህ ልጆች ፎክስፒ3 የተበላሸ ሆኖ ተገኘ። ውጤቱ በ2001 ታተመ። በ2003 ሳካጉቺና ሌሎች ተመራማሪዎች ሁለቱን ጫፎች ገጠሙ፦ ቲ ሴልን ቲሬግ የሚያደርገው ጂን ፎክስፒ3 ነው።

አይፔክስ በጤና ጣቢያዎቻችን በስሙ የሚታወቅ በሽታ አይደለም። ቢከሰት እንኳ "በተቅማጥ ሞተ" ተብሎ ሊያልፍ ይችላል። ለክርክሩ ግን ከሁሉ የሚከብደው ማስረጃ እሱ ነው። በሌሎቹ በሽታዎች ፍሬኑ ላላ፣ አልላላም ተብሎ ይከራከሩበታል። እዚህ ግን ፍሬኑ ከነጭራሹ የለም፤ የሚሆነውም በዓይን ይታያል።

ፍሬኑ እንዴት ይይዛል?

ቲሬጎች ጥቂት ናቸው። ረዳት ቲ ሴል ከሚባሉት ውስጥ ከ5 እስከ 10 በመቶ ያህሉ ናቸው። ይህን ይዘው ብዙኃኑን እንዴት ያበርዳሉ? አሠራራቸው የጎጃምን ሽምግልና ይመስላል። ደም የሚያደርቁ ሽማግሌዎች ማንንም አይገድሉም። ስንቅ እንዲቋረጥ ያደርጋሉ፣ ቂም የሚያቀጣጥለውን ዝም ያሰኛሉ፣ ማብረጃ ቃል ይናገራሉ።

ስንቁ ኢንተርሉኪን-2 ይባላል። ቲ ሴሎችን "ተባዙ" የሚል ኬሚካላዊ መልእክት ነው። ሲዲ25 ይህን መልእክት የሚቀበል እጅ ነው። ቲሬግ ይህ እጅ ስለበዛለት በአካባቢው ያለውን ኢንተርሉኪን-2 እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። አጥቂው ይራባል። ሳካጉቺ ለመለያ ያገኙት ምልክት ራሱ የሥራ መሣሪያ ሆኖ ተገኘ።

ሁለተኛው መንገድ የበለጠ ያስገርማል። ቲ ሴል ብቻውን ለጦርነት አይነሣም። ዴንድሪቲክ ሴል የሚባል ቀስቃሽ ጠላቱን አሳይቶ "ተነሥ" ሊለው ይገባል። ያ ትእዛዝ በቀስቃሹ ገጽ ላይ የተተከለ ፕሮቲን ነው። ቲሬግ ሲቲኤልኤ-4 በሚባል መያዣው ፕሮቲኑን ነቅሎ ይውጠዋል። ቀስቃሹ እዚያው ቆሟል። አፉ ግን ተለጉሟል።

ማብረጃ ቃሎቹ ኢንተርሉኪን-10 እና ቲጂኤፍ-ቤታ የሚባሉ መልእክቶች ናቸው። በተለይ አንጀት ላይ ሥራቸው ብዙ ነው። ሹሮውም፣ እርጎውም፣ ቁጥር ስፍር የሌለው ባክቴሪያም በዚያ ያልፋል። በሁሉም ላይ ጦር ቢታወጅ አንጀት ባልቆየ።

የሽምግልናው ምሳሌ የሚሠራው እስከዚህ ነው። ሽማግሌ ግራ ቀኙን ይሰማል። ቲሬግ አይሰማም። ቲቢን የሚዋጋውን ሴልም ሊያበርድ ይችላል። በካንሰር እብጠት ዙሪያ ቆሞ እብጠቱን ሊጠብቅ ይችላል። ሲቲኤልኤ-4ን የሚዘጋ የካንሰር መድኃኒት የተሠራው ፍሬኑን ለመፍታት ነው፤ ለመንገዱ መነሻ የሆኑት ጄምስ አሊሰን በ2018 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ናቸው። መድኃኒቱ ለብዙዎች ዕድሜ ሰጥቷል። ዋጋውም ታውቋል፦ ከታማሚዎቹ አንዳንዱ ካንሰሩ ሲሸሽለት የአንጀት፣ የታይሮይድ ወይም የጉበት ኦቶኢሚዩን ጉዳት ይተካበታል።

ፍሬኑ ለምን ይላላል?

ቀላሉ መልስ "ቲሬግ አነሰ" የሚል ነበር። ብዙ ጊዜ አያስኬድም። የዓይነት 1 ስኳር ታማሚዎች ደም ሲመረመር የቲሬጎቹ ቁጥር ከጤነኛ ሰው ጋር ተቀራራቢ ሆኖ የተገኘበት ጊዜ ብዙ ነው።

ከዚያ በኋላ ክርክሩ ተከፈለ። አንዱ ወገን ቁጥሩ አለ፣ ጉልበቱ ግን ደክሟል ይላል። ለኢንተርሉኪን-2 የሚሰጡት ምላሽ የላላ ቲሬጎች በስኳር ታማሚዎች ላይ ታይተዋል። ሌላው ወገን ቲሬጉ ደህና ነው፣ አጥቂው ነው አልሰማ ያለው ይላል። ለዚህም ማስረጃ አለ። የታማሚው አጥቂ ሴል ከጤነኛ ሰው ቲሬግ ጋር ሲቀላቀል እንኳ አልበርድ ያለበት ሙከራ አለ። ሦስተኛ ሐሳብም አለ፤ የምንቆጥረው በተሳሳተ ቦታ ነው የሚል። ደም መቅዳት ይቀላል። ጦርነቱ ያለው ግን ቆሽት ውስጥ፣ መጋጠሚያ ውስጥ ነው። ገበያ ያለውን ሰው ቆጥሮ ቀበሌው ውስጥ ስንት ሰው እንደቀረ ማወቅ አይቻልም። በእኔ ግምት ሦስተኛው ከሚገባው ያነሰ ትኩረት ነው ያገኘው። የሕያው ሰው ቆሽት ናሙና በቀላሉ ስለማይወሰድ ጥያቄው ቶሎ አይዘጋም።

ዘርም እጁ አለበት። የሲዲ25ንና የሲቲኤልኤ-4ን አሠራር የሚነኩ የጂን ልዩነቶች በኦቶኢሚዩን በሽታዎች ላይ ተደጋግመው ይገኛሉ። ትልቁን ድርሻ የሚወስደው ግን ኤችኤልኤ የሚባለው የጂን ቤተሰብ ነው፤ ቲ ሴል የሚያየውን ነገር "ሳህን ላይ የሚያቀርብ" ነው። ይህ ቤተሰብ ጎጃምን በሌላ በርም ይነካታል። በባዶ እግር ቀይ አፈር ላይ ከመሥራት የሚመጣው የእግር ዝሆኔ፣ ፖዶኮኒዮሲስ፣ እዚህ ብዙ ሰው ላይ ይታያል። በወላይታ ታማሚዎች ላይ ተሠርቶ በ2012 የታተመ ጥናት በሽታው ከኤችኤልኤ ልዩነቶች ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። አንድ ማሳ በባዶ እግራቸው ካረሱ ሁለት ወንድማማቾች አንዱ ብቻ ለምን ያብጣል ለሚለው ይህ የመልሱ ክፍል ነው። ዝሆኔ ኦቶኢሚዩን አይባልም። ዋናው ማስነሻ አፈሩ ነው፣ መከላከያውም ጫማ ነው።

እንቅርትና ስኳር፦ እዚህ የሚምታቱት

አንገት ያበጠ ሁሉ ኦቶኢሚዩን የለበትም። ጎጃም ደጋ ነው፣ ዝናብ ይበዛዋል። ዝናቡ አዮዲንን ከአፈር አጥቦ ይወስዳል። የዱሮው እንቅርት በአብዛኛው ከዚህ የመጣ ነው። መንግሥት በ2011 ገበያ ላይ የሚውል ጨው አዮዲን እንዲኖረው ግዴታ ያደረገው ለዚህ ነው። ግሬቭስ የሚባለው ኦቶኢሚዩን በሽታም እጢውን ያሳብጣል። ግን ልብ ይመታል፣ ላብ ላብ ይላል፣ እየበሉ መክሳት ይመጣል፣ አንዳንዴ ዓይን ወደ ውጭ ይወጣል። ሕክምናቸው አይገናኝም። ለአንዱ አዮዲን ይጠቅማል፤ ለሌላው ተጨማሪ አዮዲን ሊያባብስ ይችላል። በሌሎች አገሮች አዮዲን ያለው ጨው ሲገባ ኦቶኢሚዩን የታይሮይድ በሽታ ከፍ ያለበት ጊዜም ታይቷል። ይህን ይዞ "ጨው በሽታ አመጣ" የሚል አይጠፋም። ስሌቱ ግን ወደ ጨው ያደላል፤ አዮዲን ያጣ ጽንስ አእምሮው ይጎዳል፣ ያ ጉዳት ደግሞ ተመልሶ አይጠገንም።

ስኳሩ ይበልጥ የተወሳሰበ ነው። የሕክምና መጻሕፍት እንደሚሉት ኢንሱሊን የሚፈልግ ወጣት ታማሚ በአብዛኛው ዓይነት 1፣ ማለትም ኦቶኢሚዩን ነው። ከጎንደር በ2009 የታተመ ጥናት ግን በዚህ ላይ ጥያቄ አስነሣ። በገጠር የሚኖሩት ኢንሱሊን ፈላጊዎች በአብዛኛው ድሆች፣ ከሲታ፣ ወንዶች የሚበዙባቸው ነበሩ። የአውሮፓውን ዓይነት 1 አይመስሉም። ተመራማሪዎቹ የረሃብና የስኳር ግንኙነት እንደገና ይታይ አሉ። ሐሳቡ አዲስ አልነበረም። የዓለም ጤና ድርጅት በ1985 ከምግብ እጥረት ጋር የተያያዘ ስኳርን ለብቻው መዝግቦ፣ በ1999 ማስረጃው አነሰ ብሎ ሰርዞታል።

በ2025 ነገሩ ተመለሰ። ዓለም አቀፉ የስኳር ፌዴሬሽን ባንኮክ ላይ "ዓይነት 5" ብሎ እውቅና ሰጠው። በዚያው ዓመት ከካሜሩን፣ ከኡጋንዳና ከደቡብ አፍሪካ የወጣ ጥናት ዓይነት 1 ተብለው ከተመዘገቡት ወጣቶች ሁለት ሦስተኛ ገደማ የሚሆኑት የኦቶኢሚዩን ምልክት የሆነው አንቲቦዲ (መከላከያው የሚሠራው ፕሮቲን) እንዳልተገኘባቸው አሳየ። ተቃዋሚዎች የተለየ በሽታ ስለመሆኑ መለኪያው ገና አልጠራም ይላሉ። ክርክሩ የቃል አይደለም። ነገ ቲሬግን የሚያጠናክር የስኳር መድኃኒት ቢመጣ፣ በሽታው ኦቶኢሚዩን ላልሆነው የቡሬ ወይም የሞጣ ወጣት አይሠራለትም። ስሙ ምንም ይሁን፣ ሐኪም ኢንሱሊን ያዘዘለት ሰው ግን ሊያቋርጠው አይገባም። ጸበል የሚሄድም መርፌውን ይዞ ይሂድ።

የትል ክርክር

ፊንላንድ በዓይነት 1 ስኳር ከዓለም ቀዳሚ ናት። ከድንበሩ ማዶ፣ በሩሲያ ካሬሊያ፣ በዘር የሚቀራረብ ሕዝብ ይኖራል። በሽታው እዚያ ወደ 6 እጥፍ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ዘሩ ተቀራራቢ ከሆነ ልዩነቱ ከአኗኗር ነው ማለት ነው። ከዚህ የተነሣ ሐሳብ አለ። የሰው መከላከያ ከትልና ከአፈር ባክቴሪያ ጋር ብዙ ሺህ ዓመት አብሮ ኖሯል። ትል በአንጀት ውስጥ ሳይባረር ለመኖር ቲሬጎችን ያበዛል። አንድ የአይጥ ትል ቲጂኤፍ-ቤታን አስመስሎ የሚሠራ ፕሮቲን ሲያመነጭ ተገኝቷል፤ የሽማግሌውን ማኅተም ሠርቶ እንደ ማጭበርበር ነው። ትሉ ሲጠፋ ፍሬኑ ልምምድ ያጣል ነው ሐሳቡ።

ደጋፊ ማስረጃ አለ። በ2001 ከጅማ የታተመ ጥናት መንጠቆ ትል ያለባቸው ሰዎች እንደ አስም ያለ ሲርሲርታ እንደሚያንሳቸው አገኘ። አለርጂና ኦቶኢሚዩን ይለያያሉ፤ ፍሬን ግን ይጋራሉ። አርጀንቲና ውስጥ መልቲፕል ስክለሮሲስ የሚባል የነርቭ በሽታ ያለባቸው 12 ሰዎች በአጋጣሚ ትል ይዟቸው በሽታቸው ረገብ ብሎ ታይቷል። ከእነሱ 4ቱ የትል መድኃኒት ሲወስዱ በሽታው አገረሸ።

ሌላኛው ወገን አልተረታም። የአሳማ ትል እንቁላል ለአንጀት ኦቶኢሚዩን ታማሚዎች ሆን ተብሎ ሲሰጥ በትልልቅ ሙከራዎች የተጠበቀውን ያህል አልጠቀመም። የአርጀንቲናው ጥናትም በጣም ትንሽ ነው። እዚህ ላይ ሁለተኛው ወገን ጠንከር ያለ ይመስላል፤ ቢያንስ ለኛ። መንጠቆ ትል ደም ይጠጣል። እርጉዝ ሴትን፣ ተማሪን፣ ገበሬን ያደክማል። በጣና ዙሪያ ያለው ቢልሃርዝያ ጉበት ያበላሻል። "ትል ከኦቶኢሚዩን ያድናል" ብሎ የተማሪዎችን የትል መድኃኒት መተው የተረጋገጠን ጉዳት ባልተረጋገጠ ጥቅም መለወጥ ነው።

መድኃኒቱስ?

ለኖቤል የበቃው እውቀት እስካሁን በየመድኃኒት ቤቱ የሚገኝ ክኒን አልሆነም። የሚሞከረው በሁለት በኩል ነው። አንደኛው ኢንተርሉኪን-2ን በትንሽ መጠን መስጠት ነው። መጠኑ ሲያንስ ስፖንጁ ቲሬግ ቀድሞ ይመጠዋል፣ አጥቂው ሳይደርሰው። ሁለተኛው የታማሚውን ቲሬግ ከደሙ ወስዶ፣ በላብራቶሪ አባዝቶ መመለስ ነው። በዓይነት 1 ስኳር ላይ ሲሞከር ጉዳት አላመጣም፤ በሽታውን ግን አላዳነም። አሁን ቲሬጉን ወደ አንድ ብልት እንዲሄድ አድርጎ ማስተካከል ይሞከራል፤ በኩላሊት ንቅለ ተከላና በሩማቶይድ አርትራይተስ ላይ። ሕዋሱ ለእያንዳንዱ ሰው ለብቻው ስለሚዘጋጅ ወጪው ከባድ ነው። በቅዝቃዜ ማጓጓዙን፣ ላብራቶሪውን፣ የመንገዱን መዘጋጋት ሲያስቡት ወደ ጎጃም የሚደርስበት ጊዜ ቅርብ አይመስልም።

እስከዚያ ያሉት የቆዩት መድኃኒቶች ናቸው፦ ሜቶትሬክሴት፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን፣ ፕሬድኒሶሎን። ቲሬግን ለይተው አያግዙም፤ ሠራዊቱን በጅምላ ያዳክማሉ። በትክክል ሲወሰዱ ሰው ከአልጋ ያነሣሉ። ሁለት ነገር ግን ይበላሻል። አንዱ "ኢሚዩኒቲ ይቀንሳል" ሲባል ሰምቶ መድኃኒቱን በድንገት ማቆም ነው። ፕሬድኒሶሎንን ረጅም ጊዜ ወስዶ በአንዴ ያቆመ ሰው ሰውነቱ ኮርቲሶል የሚባለውን የራሱን ሆርሞን ለማምረት ጊዜ ስለሚፈልግ ለሞት ሊያደርሰው ይችላል። የወጡ ነጭ ሽንኩርት በሽታውን አያባብሰውም፣ አያድነውም። መድኃኒቱን ሲተካ ነው የሚጎዳው።

ሌላው ከመጀመሩ በፊት ያለው ነው። ቁርጥማት ሲጠና ያለ ማዘዣ ዴክሳሜታዞን፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ፣ መግዛት አለ። ሲውጡት በአንድ ሌሊት ያሽራል፤ ለዚህም ነው የሚወደደው። ተኝቶ የነበረ ቲቢ ግን ሊነሣ ይችላል። ስትሮንጊሎይድስ የሚባል ትልም አለ። ከእርጥብ አፈር በእግር ቆዳ ይገባል፣ ሳይታወቅ ለዓመታት አንጀት ውስጥ ይኖራል። መከላከያው በስቴሮይድ ሲዳከም ይባዛና ወደ ሳንባና ወደ ሌላው አካል ይበተናል፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይገድላል። ተራው የሰገራ ምርመራ ሳያየው ሊያልፍ ይችላል። በዘመቻ የሚሰጠው የትል መድኃኒት፣ አልቤንዳዞል፣ ይደክምበታል፤ አይቨርመክቲን ይሻላል። ስለዚህ ፕሬድኒሶሎን ለረጅም ጊዜ የሚጀመርለት ገበሬ፣ ሳል ቢኖርበትም ባይኖርበትም፣ በባዶ እግሩ የሚያርስ መሆኑን ሐኪሙ ሳይጠይቀውም ይናገር።